ከላይ ወደ ታች የተጠረበው መቅደስ

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የክረምቱ ብርድ ጉልበትዎ ላይ እንዳይጠናብዎ እየሰጋሁ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ትምህርቴም በመልካም ሁኔታ ቀጥሏል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከምማርበት ከሕንዷ ፑኔ ከተማ በአውቶቡስ ወደ ኤሎራ ተጉዤ ስላየሁት የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ ልነግርዎ ነው፤ ዕድሜዎን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡ ለኖሩት ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ኤሎራ በማሃራሽትራ ግዛት፣ ቀድሞ አውራንጋባድ ትባል በነበረችው በቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ከተማ አቅራቢያ ይገኛል። ቁጥር ከተሰጣቸው 34 ዋሻዎች መካከል የቡድሂስቶችና ጃይን የተባለው የሕንድ ሃይማኖት ተከታዮችም አሉበት፤ እኔን ያስቆመኝ ግን ካይላሳ የሚባለው 16ኛው ነው። ዋሻ ይባል እንጂ ጣሪያው ሰማይ ላይ የተገለጠ፣ ከተራራው ተለይቶ የቆመ፣ ወደ 30 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ያለው ሕንፃ ነው። ያሠራው በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው ቀዳማዊ ክሪሽና እንደሆነ ይታመናል።

በጎን በኩል ባለው መንገድ ወደ ተራራው ወጥቼ ቁልቁል ስመለከተው ላሊበላ ለገና ወስደውኝ ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ላይ ሆነን ያየንበት ቀን ትዝ አለኝ፤ ይህም እንደዚያው ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ የወረደ ነው። ልዩነቱ ድንጋዩ ላይ ነው። የላሊበላው ቀላ ያለና ለመሮ የሚገራ ሲሆን፣ የዚህኛው እርስዎ ሁልጊዜ ያማርሩት የነበረው ዓይነት ጥቁር ድንጋይ ነው። ተቆርጦ የወጣው እስከ 200,000 ቶን እንደሚደርስ ይገመታል። በግንብ ሥራ የተሰነጠቀውን አንሥቶ ሌላ መተካት ይቻላል፤ እዚህ ግን ጣሪያው ላይ ያሉትን አራት አንበሶች የቀረጸ ሰው የአንዱን እግር ቢሰብር ኖሮ የሚተካበት ድንጋይ አልነበረውም። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በመዳብ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ፣ ሠሪው ራሱ ሥራውን ሲያይ እንዴት እንደሠራው ተገርሞ እንደነበር ይናገራል። የዚያ ሰው ስም ግን እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ የሚነሣው የንጉሡ ብቻ መሆኑ በእውነት አሳዝኖኛል።

የሌላ እምነት መቅደስ ውስጥ ምን ልታደርግ ገባህ እንዳይሉኝ፣ የገባሁት ለማየት ብቻ ነው። ልክ እንደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ጫማዬን በራፉ ላይ አውልቄ፣ 16 ዓምዶች ባሉበት ጨለማ አዳራሽ አልፌ እስከ ውስጠኛው ክፍል ደረስኩ። የሂንዱዎች አምላክ የሺቫ ምልክት በሆነው ድንጋይ ፊት አበባ ይዘው የመጡ አንዲት አሮጊት ይጸልዩ ስለነበር፣ እስኪጨርሱ ድረስ ፎቶግራፍ ማንሣቱን ትቼ ወደ ጎን ቆምኩ። እንግዳ በሰው ቤት እንዲህ መሆን እንዳለበት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በደቡቡ ግድግዳ ላይ ደግሞ ራቫና የተባለው ብዙ ክንድ ያለው የአጋንንት ንጉሥ ሺቫ የተቀመጠበትን ተራራ ከሥሩ ሲነቀንቅ ተቀርጿል፤ የትከሻው ጡንቻ ሲወጠር ይታያል፤ ከላይ ያለው ሺቫ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ተረጋግቶ ተቀምጧል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ግቢውን በከበበው ገደል ላይ ሳይለሰልስ የቀረ ቦታ አለ፤ የመሮው ምት ጎን ለጎን ተሰልፎ በአንድ አቅጣጫ አዘንብሎ ይታያል። ፎቶግራፉን ለእህቴ ልኬላታለሁና ስልኳ ላይ አጉልታ ታሳይዎት። በምን ዓይነት መሮ እንደተመታ፣ ጠራቢውም ቀኝ ይሁን ግራኝ ከአመታቱ ሊለዩት ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። እሑድ ስደውል ይንገሩኝ።

አክባሪ ልጅዎ