ቅንጬ አረምን ካበበ በኋላ መንቀል መዝራት ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ለቆቦ፣ ለሐርቡ፣ ለኮምቦልቻ ወይም ለከሚሴ ገበሬ ቅንጬ አረም (ፓርቴኒየም) ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ብዕር ያስነሣን የነቀላው ወቅት ነው። ሰው ለዘመቻ የሚወጣው መስኩ ነጭ ሲለብስ ነው፤ ያን ጊዜ ረፍዷል።

አንዷን አበባ መዳፍ ላይ አድርጎ ማየት ይበቃል። ከምስር እምብዛም አትበልጥም፤ ዙሪያዋ አምስት ጥግ አለው፤ በየጥጉ አንድ ጥቁር ዘር ይቋጠራል። አንድ እግር አረም በዚህ ዓይነት ከ15,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ያበበውን ነቅለው መንገድ ዳር ሲከምሩት የመኪና ጎማና የከብት ኮቴ ያዳርሰዋል። ወንዝ ከጣሉት ደግሞ የባሰ ነው፦ ቦርከና ተሸክሞ ጨፋ ያደርሰዋል። ጨፋ በበጋ ከብት የሚሰማራበት፣ የውኃ ወፍ የሚሰፍርበት ረግረግ ነው። አረሙ በሚያመነጨው መርዛም ንጥረ ነገር የሌላውን ዘር ብቅለት ያፍናል። ሣሩ ሲሳሳ የሣር ዘር ለቃሚው ወፍም፣ ነፍሳቱም ምግባቸውን ያጣሉ። ላም ከበላችውም ወተቷ ይመርራል። በማሽላ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተጠንቷል፤ ካልታረመ ከምርቱ ከ40 እስከ 97 በመቶ ይወስዳል።

መቼ ይነቀል? ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል ተሰነጣጥቆ መሬት ላይ ተነጥፎ ሳለ፣ ግንዱ ሳይመዘዝ። ዝናብ ካገኘ ከበቀለ በአራት ሳምንት ሊያብብ ስለሚችል፣ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ሦስት ሳምንት ማለፍ የለበትም። ወሎ በልግም አለው፤ የክረምቱን ብቻ የሚያርም ሰው የበልጉ ዘር ሲረግፍ ቆሞ ያያል። አፈሩ እርጥብ ሳለ ከነሥሩ ይውጣ፤ በማጭድ ከታጨደ ከአንገቱ መልሶ ያቆጠቁጣል። እጅ በጓንት፣ ካልተገኘም በፌስታል ይሸፈን፤ ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበት ሰውም አይቅረብ። ያላበበው ለኮምፖስት ይሆናል። ያበበው ግን እዚያው ማሳው ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ አፉ ይታሰር፤ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ እስኪደርቅ መጠበቅ ዘሩን ማርገፍ ነው።

ቅጠሉን የምትበላው ጥንዚዛ በአገራችንም ተለቃለች፤ መልካም ነው። ጥንዚዛዋ ግን ከመኪና ጎማ ላይ ጭቃ አታጥብም። አረሙ ካለበት ቦታ አሸዋ፣ ጠጠርና ገለባ የሚጭን መኪና ከመውጣቱ በፊት ጎማውና የጭነት ሳጥኑ ይጠረግ። ግጦሹም ፋታ ያግኝ፤ ቅንጬ አረም ቀድሞ የሚገባው ከብት አራቁቶ የተወው መሬት ላይ ነው።

የሰብል ጥበቃ ባለሙያዎች፣ ከኮምቦልቻ