ቀስተኛው ሌባ ሊሆን ሲጣደፍ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ጠረጴዛ ጨዋታዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ «ቀስተኛ ተዋጊ ቶሎ ሌላ ሙያ ቢደርብ ያተርፋል» የሚለው ምክር አላሳመነኝም። ከስሬበታለሁና።

ቅዳሜ ማታ ከልጄና ከጓደኞቿ ጋር ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ሙያ መርጦ ደረጃ በደረጃ የሚያሳድግበትን የጠረጴዛ ጨዋታ፣ በ2014 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሕግ እንጫወታለን። እኔ ቀስተኛ ተዋጊ ነኝ። ሲጀመር ለኢላማ 2 ነጥብ የሚጨምረውን የቀስት ስልት መያዜ ደግ ነበር። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ግን መደበቅ አማረኝና ሁለት ደረጃ በሌብነት ሙያ አሳለፍሁ። የልጄ ጓደኛ በተዋጊነቱ ጸንቶ አራተኛ ላይ ቅልጥፍናውን ከፍ አደረገ፤ አምስተኛ ላይ በአንድ ተራ ሁለት ቀስት ይወረውር ጀመር፤ በዚያው ተራ ደግሞ እንዲያጠቃ የሚፈቅድለትን ተጨማሪ እርምጃ ሲጠቀምማ አራት! እኔ ከበርሜል ጀርባ ተደብቄ አንዷን እወረውራለሁ፤ እሷም ትስታለች። «አባዬ፣ ከበርሜሉ ውጣ እንጂ» ትለኛለች ልጄ።

ስድስተኛው ደረጃም ለተዋጊ ሌላ የችሎታ ማሻሻያ ይሰጣል፤ ይህን አብዛኛው ሙያ አያገኝም። በአንድ ተራ ሦስተኛው ምት የሚመጣው 11ኛ ላይ ነው። መደበቅ የፈለገ ቢያንስ አምስተኛን ይለፍ። የእኔ የገጸ ባሕርይ ወረቀት በላጲስ ብዛት ተበስቷል።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ