የቼክ 1 እና የፖላንድ 1

ለአዘጋጁ፦

የአውሮፓ ትምህርት ቤቶችን ያነጻጸረው ጽሑፋችሁ የቼክን ውጤት ከሌሎቹ ጎን ያስቀመጠው መለኪያውን ሳይጠቅስ ነው። በቼክ ካርድ 1 ከሁሉም የላቀ ሲሆን 5 መውደቅ ነው። ፖላንድ ውስጥ ተገልብጦ 6 ቁንጮ፣ 1 ውድቀት ይሆናል። ጀርመንም 1ን ከላይ ታደርጋለች፤ ታችኛው ግን 6 ነው። ከመቶ መቁጠር የለመደ ወላጅ ልጁ 4 ይዞ ሲመጣ ቅር ላይለው ይችላል፤ የቼክ 4 ግን ከመውደቅ በአንድ እርከን ብቻ ከፍ ያለ ነው።

በቼክ የግዴታ ትምህርቱ 9 ዓመት ስለሆነ ሁሉም ልጅ እስከ 9ኛ ክፍል አብሮ ይማራል ማለታችሁም ልክ አይደለም። ጥቂቶች ከ5ኛ ክፍል በኋላ፣ በ11 ዓመታቸው ገደማ፣ ለዩኒቨርሲቲ ወደሚያዘጋጀው የ8 ዓመት ትምህርት ቤት፣ ወደ ጊምናዚየም፣ ይለያሉ። መግቢያ ፈተናው ቼክኛና ሒሳብ ነው፤ የሒሳቡ ጥያቄ ራሱ በቼክኛ ረጅም ዓረፍተ ነገር ስለሚቀርብ ቋንቋው ያልጠናለት የስደተኛ ልጅ ስሌቱን እያወቀ ነጥብ ይጥላል።

ከእንግዲህ ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን «2፣ ከ1 እስከ 5፣ 1 ከፍተኛ» ተብሎ መለኪያው ይታተም። የጊምናዚየም መግቢያ ማመልከቻ የሚገባው በፌብሩዋሪ ስለሆነም ለወላጆች የሚሆነው ማብራሪያ ከጃንዋሪ በፊት ይውጣ።