ለፋሲካ ብለን ለምን እንበደራለን?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ ስለ በዓል ወጪ የምለው ስላለኝ ነው። ሁዳዴን 55 ቀን በሽሮ፣ በምስርና በጎመን እንከርማለን፣ ወጪውም ይቀንሳል ቤቱም ሰላም ይሆናል፣ ስቅለት ሲደርስ ግን ዶሮው፣ ቅቤው፣ ቅርጫው፣ የልጆች ልብስ፣ መጋረጃ ሳይቀር ይመጣና ደሞዝ አልበቃ ሲል ብድር ውስጥ እንገባለን። በጣም ያሳዝነኛል።

ጎረቤታችን ያሉ አንድ እናት ባለፈው ፋሲካ ዶሮ አልገዙም፣ እንቁላል ወጥና አይብ ሠርተው ቄጤማ ጎዝጉዘው ቡና አፍልተው ጠሩን። ምነው እማማ ስንላቸው «ጌታ የተነሳው እኔን እዳ ውስጥ ሊከት አይደለም» አሉ። እውነታቸውን ነው! ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «ምግብና ልብስ ከኖረን ግን፥ እርሱ ይበቃናል» ብሎ የጻፈው (1ኛ ጢሞ. 6፥8) ለመነኮሳት ብቻ አይደለም እኮ፣ ደሞዝ ለምንጠብቀውም ነው። ማርታንም ጌታ በብዙ ነገር ትጨነቂያለሽ ያላት ለእንግዳ ስትል ጉድ ጉድ እያለች ነበር፣ እኛም በበዓል ዋዜማ እንደዛው ነን፣ ደክሞን ቅዳሴው ያመልጠናል።

መምህራኖቻችን ይሄን በሰሙነ ሕማማት ቢያስተምሩልን፣ እናንተም ለበዓል የዶሮና የሽንኩርት ዋጋ ብቻ ከምትዘግቡ ሳይበደሩ ያከበሩ ቤተሰቦችን ብታነጋግሩልን ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ