ግራ ትከሻህ ምንም አልጎደለውም ነበር

ጣሳው ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? እትዬስ ደህና ናቸው?

አራት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ ድንገት ስጽፍልህ እንደምትደነግጥ አውቃለሁ። ማንም አልሞተም። እኔም ደህና ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ። ከአራት ኪሎ ሰሚት ሁለት ታክሲ ነው፤ የምሰጥህ ምክንያት የለኝም። ሆስፒታሉ በር ላይ ከተለያየን ወዲህ ስንት ጊዜ ስልኬን አንስቼ ስምህ ላይ ስደርስ እንደመለስኩት እግዚአብሔር ያውቃል። ስለዚያ ቀን ፊት ለፊት እናወራለን። አሁን ግን የሚያስቸኩል ነገር ገጥሞኛል።

እህትህን ባለፈው ሳምንት ፒያሳ፣ ቶሞካ በር ላይ አገኘኋት። መድኃኒትህን በሰዓቱ እንደምትወስድ ነገረችኝ። ሻይ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር እንዳልተውክም ነገረችኝ። አንተ ሰው! ደብዳቤውን በእሷ ነው የምልከው። በቴሌግራም ቢሆን ግማሹን መልሼ አጠፋው ነበር።

አንድ ልጅ አለ። 19 ዓመቱ ነው፤ እዚሁ አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ጂሙን ሳልከፍት በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። በየእሁዱ በልብስ ሰፊ ሜትር ክንዱን እየለካ ደብተር ላይ ይጽፋል። አንድ ቀን ደብተሩን አሳየኝ። ቀኝ 38፣ ግራ 37 ተኩል። ግማሿን ሴንቲሜትር በቀይ እስክሪብቶ ከቦባታል። በየሳምንቱ ያቺ ቀይ ክብ አለች። ገጹን ባየሁ ጊዜ አንተ ትዝ አልከኝ፤ ሆዴ ተላወሰ።

ማክሰኞ ዕለት ጂሙ ጭር ሲል ቲሸርቱን አውልቆ መስታወቱ ፊት ቆመ። ደረቱን ነፋ፣ ክንዱን አጠፈ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ «ኮች፣ ምን ቀረኝ?» አለኝ።

ወንድሜ፣ አፌ ተያዘ። እሱ ለመናገር የፈራሁ መስሎት ከቦርሳው የጡንቻ ማሳደጊያ ሆርሞን ያለባት ትንሽ ብልቃጥ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። መርፌውንም ገዝቶታል። ገና አልጀመረም። አሁን ሁዳዴ ነው፤ ልጁ ይጾማል። 55 ቀን ያለ ሥጋና ያለ እንቁላል ጡንቻዬ ይሟሟል ብሎ ሰግቷል። ለፋሲካ ሊጀምር ነው ያሰበው። አንተ ስንቱን ሁዳዴ በሽሮ፣ በምስርና በለውዝ እንዳለፍክ ነገርኩት። ሳቀ። አላመነኝም።

የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ከውጭ ሆርሞን ሲገባ የራስህ ሰውነት ማምረት እንደሚያቆም፣ ደም እንደሚወፍር፣ የልብ ግድግዳ እንደሚደነድን። ሁሉንም ያውቀዋል። ከዚያ ሮኒ ኮልማንን አነሳሁበት። ከ1998 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. 8 ጊዜ በተከታታይ ትልቁን የሰውነት ግንባታ ውድድር፣ ሚስተር ኦሎምፒያን ያሸነፈ ሰው፣ ከስንትና ስንት የጀርባና የዳሌ ቀዶ ጥገና በኋላ ዛሬ በክራንችና በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሰው አልኩት። ልጁ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «እሱ ራሱ እኮ አልጸጸትም ብሏል።» እውነቱን ነው፤ ብሏል። ምን ልመልስለት?

የስልኩ ፊት ላይ የኦሎምፒያው ዋንጫ አለ። የሰውነት ግንባታ አባት የሚባለው የሳንዶው ሐውልት። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1901 ለንደን፣ ሮያል አልበርት አዳራሽ ያንን ትልቅ ውድድር ሲያዘጋጅ አብረውት ከዳኙት አንዱ ሐውልት ቀራጭ እንደነበር ያነበብኩልህ ትዝ ይልሃል? አልጋ ላይ ተንጋለህ፣ «ድሮም ልኩ ከግሪክ ሐውልት ነው የተወሰደው» ትለኝ ነበር። ያኔ ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ያናድደኛል። ድንጋይ እንቅልፍ አያጣም። አያረጅም። ውሃም አይጠማውም።

ውሃ ስል እዚያች ቀን ላይ ደረስኩ። ልለፋት ፈልጌ ነበር።

ከውድድሩ መድረክ ስትወርድ ከንፈርህ ተሰንጥቆ ነበር። ጡንቻህ ጎልቶ እንዲታይ ብለህ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ በጉንጭ እየለካህ ነው የጠጣኸው። ጥጥ እየነከርኩ ከንፈርህን አራስኩልህ። ለመድረክ የተቀባኸው ጥቁር ቀለም ከጥጡ ጋር ሸሚዜ ላይ ወረደ። እንደዚያ ሆነህ ክንዴን ያዝከኝና፣ «ምን ቀረኝ?» አልከኝ።

እኔም፣ «ግራ ትከሻህ ትንሽ ይቀረዋል» አልኩህ።

በዚያች ሰዓት እንደዚያ ይባላል? ሁለተኛ ወጥተሃል። እትዬ ታዳሚው መሃል ቆመው እልል ይላሉ። ሜዳሊያው አንገትህ ላይ አለ። እኔ የታየኝ ትከሻህ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ መርፌውን ስትጀምር ለምን እንደሆነ አልነገርከኝም፤ እኔም አልጠየቅኩህም። አውቄ ነው ያልጠየቅኩህ። ሌሊት እየነቃሁ የማስበው ይህን ነው።

ሌላም አለ። ይሄኛውን ከነገርኩህ በኋላ ትቀየመኝ እንደሆነ አላውቅም።

ሰፈራችን ሊፈርስ ሲል ከጓሮ ብረታችንን አውጥቼ ወስጄው ነበር። ቧንቧውን ሲሚንቶ ከተሞሉት ሁለት የቀለም ጣሳዎች ጋር። ማክሰኞ ልጁ ከሄደ በኋላ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ተነሥቼ ጣሳዎቹን ከቧንቧው ፈታሁና የጂሙ ሚዛን ላይ አወጣኋቸው። አንዱ 9 ኪሎ ከ100። ሌላኛው 7 ኪሎ ከ800። የ1 ኪሎ ከ300 ግራም ልዩነት። ቀለሉን ጣሳ በጣቴ አንኳኳሁት፤ ድምፁ ሌላ ነው። አልገረመኝም። ሲሚንቶውን ያቦካሁት እኔ ነበርኩ። ለሁለተኛው ጣሳ ሳይበቃኝ ሲቀር ከእትዬ ምድጃ አመድና የከሰል ስብርባሪ አፍሼ ቀላቀልኩበት። ላዩን በሲሚንቶ አለበስኩት። እንዳትስቅብኝ ብዬ አልነገርኩህም። ከዚያማ ረሳሁት።

አንተ ሁልጊዜ ፊትህን ወደ በሩ አዙረህ ነበር የምታነሳው። እትዬ ሲመጡ ለማየት። ቀለሉ ጣሳ ደግሞ ሁልጊዜ በግድግዳው በኩል፣ በግራህ ነበር።

ትከሻህ በዚህ ምክንያት ይሁን አይሁን መማል አልችልም። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሥራ ስንት ሰውነት አይቻለሁ፤ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ሰው ግን አልገጠመኝም። የሆድ ጡንቻን የሚከፋፍሉት መስመሮች ከትውልድ ናቸው። አንዱ አራት አለው፣ ሌላው ስምንት። ግራና ቀኙ የማይገጥምለትም ሞልቷል፤ ሺህ ጊዜ ቢወጣ ቢወርድ አይስተካከልም። ውስጣችንም ያው ነው። የቀኙ ሳንባ ሦስት ክፍል አለው፣ የግራው ሁለት፤ ልብ ቦታ ስለሚፈልግ። ይህን እያወቅሁ ነው ዕድሜዬን በሙሉ «ይቀረዋል» ስል የኖርኩት።

ተስፋ ቆርጬ እንዳይመስልህ። ሰው ከትናንቱ እንደሚሻል በየቀኑ በዓይኔ አያለሁ። አንድ እናት እኔ ጋ ስፖርት ይሠራሉ፣ 60 ዓመት አልፏቸዋል። መጀመሪያ ሲመጡ ከወንበር ሲነሡ የሰው እጅ ይይዙ ነበር። ዛሬ ባዶ ብረት ይዘው ቁጭ ብድግ ይላሉ። የእሳቸውን ጉልበት ባላርም ይጎዳሉ፤ ስለዚህ ጉድለት እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸውም ያመሰግኑኛል። ጉልበትዎን ወደ ውጭ፣ ጀርባዎን ቀና። ይህ ሥራዬ ነው፤ እወደዋለሁ። ለአንተ ያልኩህ ግን እንዲህ ያለ አልነበረም። ለአንተ ያልኩህ ልትሠራው የምትችለውን ነገር አልነበረም፤ አንተን ነው አንሰሃል ያልኩህ። ያኔ ልዩነቱ አልገባኝም ነበር።

እውነተኛ ፍጹምነት አለ ወይ ብለን ስንት ሌሊት ተከራከርን! አንተ አለ ባይ፣ እኔ አለ ባይ፣ ሁለታችንም አንድ ወገን ሆነን እንጮሃለን። እትዬ ከወዲያ ክፍል፣ «ፍጹም አንድ እግዚአብሔር ነው፣ ተኙ!» ይሉን ነበር።

ለልጁ አርኖልድ ሽዋዜኔገርን ነገርኩት፤ የባት ጡንቻው ደካማ ስለነበር ሱሪውን ቆርጦ ሆን ብሎ ለሰው እያሳየ እንደሠራው። ወደደው። ግን የገባው ሌላ ነው፤ «አየህ፣ ጉድለቱን አጠፋው» አለኝ። ኃይሌን ነገርኩት። በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ሲሄድ ደብተሩን በግራ እጁ ይይዝ ስለነበር ያ ክንዱ እንደታጠፈ ቀረ። በዚያው ክንዱ ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመው። አንተና እኔ ጃንሜዳ ላይ ያንን እጅ ስናስመስል እንዴት ነበርን! ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝ። ዝም ብሎ የራሱን ግራ ክንድ አየ። ለአፍታ የያዝኩት መሰለኝ። ከዚያ ብልቃጡን ከእጄ ወሰደ።

እኔን አይሰማኝም። አሰልጣኝ ነኛ፤ ከአሰልጣኝ የሚጠብቀው «ይቀርሃል» የሚለውን ነው።

አንተን ይሰማሃል። ስለ ልብህ እንድትነግረው አይደለም፤ ካልፈለግክ አንድ ቃል አትናገር። አብረኸው እርከኑን ውጣ፣ አምስተኛው ላይ ስታርፍ ይይህ። ሁለተኛ ወጥተህ በዚያ ቀን ደስ እንዳላለህ ንገረው። ወይም ዝም ብለህ አብረኸው ተቀመጥ። ይህን ስጠይቅህ አፍራለሁ። አራት ዓመት ያልጎበኘህ ሰው ተነሥቶ ውለታ ሲጠይቅህ... ባትፈልግ ይገባኛል። እውነት ይገባኛል።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ መስቀል አደባባይ እሆናለሁ፤ ድሮ እርከን የምንወጣበት፣ በስታዲየሙ በኩል ያለው ጥግ። ልጁን 1 ሰዓት ላይ ነው የቀጠርኩት። አርባ አምስቱን ደቂቃ ለእኔና ለአንተ አስቀርቼዋለሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ ያልኩህን እዚያ እነግርሃለሁ፤ አንተም ያልከኝን አንሳብኝ።

ቀለሉን ጣሳ አመጣልሃለሁ። ከፈለግክ እዚያው አስፋልቱ ላይ ስበረው። ውስጡ አሁንም የእትዬ ከሰል አለ።

ያንተው