በሕጉ ያለው የግዴታ ሥራ ቅጣት ተረካቢ ይኑረው

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ፍትሕ ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ከእስራት ይልቅ በሥራ የሚፈጸም ቅጣትን ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በዚሁ ከተማ በጥብቅና የምተዳደር ነዋሪ ስሆን፣ ቢሮው ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱና ከከተማ አስተዳደሩ ጋር ተመካክሮ ሊፈታው ይችላል ብዬ ስለማምንበት ጉዳይ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 103 እንደደነገገው፣ ወንጀሉ ቀላል ሆኖ ከስድስት ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ጥፋተኛውም ለሥራ ብቁ የሆነ ጤንነት ያለውና ለኅብረተሰቡ የማያሰጋ እንደሆነ፣ ፍርድ ቤቱ በእስራቱ ፈንታ የግዴታ ሥራ ይወስናል። ቅጣቱ ጥፋተኛው ዘወትር በሚሠራበት ቦታ ወይም በሕዝብ ተቋም ሊፈጸም ይችላል፤ ከሚያገኘው ገቢም ከአንድ ሦስተኛ ያልበለጠ ለመንግሥት ይቆረጣል። ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ሕግ እንዲወጣ አይደለም።

ችግሩ ያለው ከፍርዱ በኋላ ነው። ዳኛው የግዴታ ሥራ ልወስን ቢል ጥፋተኛውን ማን ይረከበዋል? የሠራበትን ሰዓት ማን ይመዘግባል፣ ሲቀርስ ማን ለፍርድ ቤቱ ያሳውቃል? እኔ በምቆምባቸው ችሎቶች ለዚህ ተብሎ የተመደበ ሰው አላጋጠመኝም፤ በዚህም የተነሳ ምርጫው በመቀጮ፣ በገደብና በእስራት መካከል ብቻ ይሆናል።

በእጅ እልፊት (ከባድ ጉዳት ሳያደርስ ሰውን በመምታት) ለጥቂት ሳምንታት የታሰረ የባጃጅ ሹፌር ምን እንደሚገጥመው ቢሮው አያጣውም። ባጃጁ የሰው ነውና ባለቤቱ ውሎ ሳያድር ቁልፉን ለሌላ ይሰጣል፤ ሚስቱ የቀን ሥራዋን ትታ ስንቅ ታመላልሳለች፤ የቤት ኪራይ ይጠራቀማል። የተመታው ሰው ደግሞ ለሕክምና ያወጣውን እንኳ የሚተካለት አያገኝም፤ የሚክሰው ሰው ገቢው ተቋርጧልና።

በመሆኑም በየክፍለ ከተማው አንድ ተረካቢ ባለሙያ እንዲመደብና ሥራ የሚሰጡ ተቋማት ዝርዝር ለየችሎቱ እንዲደርስ እጠይቃለሁ። ጥፋተኞቹ ምን ይሥሩ ሲባል፣ ከተማችን በጣና ዳር ያለች በመሆኗ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሐይቁን የወረረውን የእምቦጭ አረም ነቀላ ነው። እኔ ግን አላስቀድመውም፤ አረሙ የበረታው ከዚህ ርቆ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ በመሆኑ፣ የማጓጓዣው ወጪና የመቆጣጠሩ ችግር ገና ያልጠነከረውን አሠራር ያሰናክለዋል። ከክረምት በፊት የጎርፍ መውረጃ ቦዮችን መጥረግ ወይም በጤና ጣቢያ ግቢ መሥራት ለጊዜው ይበቃል። የሚሠራው ሰው ግን ለይቶ የሚያሳይ ልብስ እንዳይለብስ አደራ እላለሁ፤ ቅጣቱ ሥራው እንጂ በሰፈር ሰው ፊት መዋረዱ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባለሁ። በቤት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃት «ቀላል ጠብ» ተብሎ በሽምግልና ጫና በዚህ መንገድ እንዳያልፍ፣ ጥፋተኛው ተበዳይዋ ወዳለችበት ቤት ከመመለሱ በፊትም ያለማንም ግፊት ሐሳቧ እንዲጠየቅ ግልጽ መመሪያ ያስፈልጋል።

ቢሮው አሠራሩን ቢያንስ በአንድ ክፍለ ከተማ ለመጀመር ፈቃደኛ መሆኑን በጽሑፍ እንዲያሳውቀኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የባሕር ዳር ጠበቃ

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት
ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር