ፈረሱ እስኪወርድ ለጠበቃችሁ ሁሉ

ውድ ወዳጆቼ፣ ቅዳሜ ማታ በርሊን ላይ አብራችሁን ላመሻችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት የተዋስነውን ወንበር ስመልስ ስለከረምኩ ነው።

ላልነበራችሁ ልንገራችሁ። ያሳየነው ጀርመናዊቷ ፊልም ሠሪ ሎተ ራይኒገር እ.ኤ.አ. በ1926 ለሕዝብ ያቀረበችውን የልዑል አሕመድ ፊልም ነው። ከሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች የተቀዳ ነው፤ ድምፅ የለውም። ሰዉም ፈረሱም በመቀስ ተቆርጦ የወጣ ጥቁር ጥላ ነው። የሠራችውም እዚሁ አጠገባችን ፖትስዳም ነው። ቮልፍጋንግ ጼለር ለኦርኬስትራ የጻፈለት ሙዚቃ አለው። እኛ ግን በዐረብ ዜማ እንየው ብለን ባለክሮቹን ኡድና ቃኑን፣ የሚነፋውን ናይና ከበሮ መሰሉን ሪቅ ይዘን ተነሳን።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። ለሙዚቀኞቹ መለማመጃ የሰጠኋቸው ቅጂ በሴኮንድ 24 ምስል የሚሄድ፣ 65 ደቂቃ የሚፈጅ ነበር። የማታው ማሽን ግን በ18 ነው የተሞላው። በ18 ይሁን ያልኩትም እኔው ነኝ፤ የጥንት ፊልም ዝግ ይላል ብዬ! ከ20 ደቂቃ በላይ ትርፍ መጣ።

ልዑሉ በሚበረው ፈረስ ሽቅብ ሲወጣ የተዘጋጀው ዜማ አለቀ። እሱ መውረጃውን አያውቅም፤ እኛም አናውቅም። እኔ መጋረጃው ጥግ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ኡድ የሚጫወተው ወንድማችን ቀና ብሎ ሸራውን አየ፣ ለቃኑን ተጫዋቿ በአገጩ ምልክት ሰጣትና ታቅሲም ጀመረ። ታቅሲም ማለት መቃም በሚሉት ቅኝት ውስጥ ሆኖ፣ ምት ሳይዙ፣ እዚያው እየፈጠሩ መጫወት ነው። እንደ ልብ ይረዝማል። ፈረሱ ከፍ ሲል ኡዱም ከፍ አለ። ልዑሉ መውረጃውን ሲያገኝ ሪቁ ዱብ አለ። ጭብጨባው! ብዙዎቻችሁ የተጠና መስሏችኋል አሉ።

አራታችሁንም ጎንበስ ብዬ አመሰግናለሁ። የሪቁን ቆዳ ማሞቂያው ላይ ስታገላብጪ ላመሸሽው እህቴ፣ ቡናውን ላፈላችሁ እናቶች፣ እንቅልፍ ላልወሰዳቸው ልጆች፣ ምስጋናዬ ይድረስ። ከሁለተኛው ረድፍ «ዋሽንት ነው እንዴ?» ያሉት እማማ፣ ናይ ተጫዋቹ «ዘመዱ ነው በሉልኝ» ብሏል።

በነገራችን ላይ አንድ ጀበናና ሲኒዎች እኔ ዘንድ አሉ። ማቶቱ ግን የለም፤ ያየ ካለ ይንገረኝ።